የአንድ አባታችን ሆይ ያህል

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ዕድሜዋን ሙሉ «ሰዓት አክብሩ» እያለች ሰው ስታስመርር የኖረች ሴት፣ በቃሽ ቤትሽ ግቢ በተባለችበት ቀን ሰዓት ይሰጣታል? ምን ልሠራበት ነው? የቢሮው ልጆች ግን በፍቅር ነው የሰጡኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽም አለቀስኩ፣ ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ መሳቢያዬን ማጽዳት ጀመርኩ።

ከታችኛው መሳቢያ ጥግ፣ ከአሮጌ ቅጾች ሥር፣ የጋሽ ኦይቻ ጓጉንቸር ወጣ። ቁልፉ አሁንም በጥቁር ክር እንደታሰረ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ባለው ቢሯችን አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ አንስታ አገላበጠችው።

«እትዬ የሺ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሙዚየም ይግባ እኮ!»

«ቀስ ብለሽ ያዥው» አልኳት። «የአንድ ፋብሪካ ሙሉ የሥራ ደህንነት ሥርዓት ነው እጅሽ ላይ ያለው።»

ሳቀች። ቁጭ በይና ልንገርሽ ልላት ስል ስብሰባ ተጠርታ ሄደች። ዛሬ የእኛ የደህንነት ሥራ በኮምፒውተር ሆኗል፤ ማኑዋሉም፣ ቅጹም፣ ኦዲቱም፣ ምስክር ወረቀቱም እዚያው ስክሪን ላይ ነው። አልነቅፍም፣ እኔም ስንቱን አሠልጥኜበታለሁ። ነገር ግን እኔ ይህን ሙያ የተማርኩት በአንድ ጓጉንቸር፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳና በአንዲት ሴት እጅ ነው። ለልጅቷ ሳልነግራት የቀረሁትን እዚህ ልጻፈው።

አባቴ ከደብረ ሲና ተዛውሮ የመጣ ፖሊስ ነበር፤ እኔ ያደግኩት እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ድሬሰርነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ጨንቻ ነው። ኧረ ተዉኝ፣ የጨንቻ ብርድ! የቆላ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯ ሳይሞቅ ኖረች። ስለዚህ «ወደ ቆላ ተዛውረሻል» ሲሉኝ ቦታው የት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ቦታው ከጫኖ አለፍ ብሎ፣ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረ የመንግሥት ጥጥ መዳመጫ ነው። ደመወዙ ያው ነው፤ ሙቀቱ ግን በነፃ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ አገሩም ያኔ ሰሜን ኦሞ ነበር የሚባለው። የፋብሪካውን ስም ተዉት፣ ዛሬ የለም። ጥጡ ከነፍሬው በመኪና ይመጣል፤ መዳመጫዎቹ ፍሬውን ከባዘቶው ይለያሉ፤ ባዘቶው ተጨምቆ ይታሰራል። አራት መዳመጫ ማሽኖች ነበሩን፣ በቁጥር ነበር የምንጠራቸው። በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ አንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ክብ መጋዞች ይሽከረከራሉ። ከላይ ክዳን አላቸው። ጥጥ ሲታነቅባቸው ክዳኑ ይከፈትና የታነቀው በእጅ ይወጣል፤ የሥራችን ሁሉ ፍርሃት እዚያ ላይ ነበር።

የእኔ ክሊኒክ አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋና የክሎሮኪን ጣሳ ነበር። ከሚመጣው ሰው ብዙው ወባ ነው፤ የቀረው እጅ ነው፤ የተቆረጠ፣ የተጨፈለቀ፣ የተላጠ እጅ። ሁሉም «ሲስተር» ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም፣ ድሬሰር ነኝ ብል ማን ይሰማኛል!

ጋሽ ኦይቻ ዋና መካኒኩ ነበሩ። ከጨንቻ ደጋ የወረዱ የጋሞ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ድምፃቸው ከእንዝርት የማይበልጥ። ማሽን ሲመረምሩ የእጃቸውን ጀርባ አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ «ይሄ አሞታል» ካሉ አሞታል። አማርኛን ካደጉ በኋላ ነው የተማሩት። ሲቸኩሉ እኔን «አንተ» ይሉኛል፣ ሥራ አስኪያጁን «አንቺ» ይሉታል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቁ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራቫቱን በዚያ ሙቀት የማይፈታ ሰው ነበር፤ «አንቺ» ሲባል ክራቫቱን ያጠብቃል።

ያ ጓጉንቸር የሳቸው ነው። ማሽን ሲታነቅ ማንም ክዳን አይነካም። ጋሽ ኦይቻ የማብሪያዎቹ ሳጥን ወዳለበት ወደ ኳድሮው ይሄዳሉ፣ የማሽኑን ማብሪያ ያጠፋሉ፣ ማብሪያውን በጓጉንቸር ይቆልፋሉ፣ ቁልፉን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ። ሥራው ሲያልቅ የሠሩትን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ። እያንዳንዱ «አለሁ!» ማለት አለበት። አንዱ ሽንት ቤት ከሄደ እስኪመለስ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። አቶ ወርቁ ይህን ሲያይ ይንጨረጨራል፤ እሳቸው ግን ቁልፉን ይዘው ፈገግ ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ ያስገረመኝ ጸሎቱ ነበር። ማብሪያው ቢጠፋም መጋዙ ወዲያው አይቆምም፤ በራሱ ግፊት ይዞራል። ክዳን ስላለው አይታይም፤ የሌሎቹ ማሽኖች ጩኸት ስላለ አይሰማም። የእጅ ሰዓት ያለው ሠራተኛ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ከእኔ በፊት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም እጁን ወደኋላ አድርጎ «አባታችን ሆይ»ን በልቡ አንድ ጊዜ ይደግማል፤ አሜን ሲል ክዳኑ ይከፈታል። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ያውቃታል፤ አንዱ በጋሞኛ፣ አንዱ በወላይትኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይላታል። መጀመሪያ ሳያቸው ለጥበቃ የሚጸልዩ መስሎኝ ልቤ ተነካ፤ ለጋሽ ኦይቻም ነገርኳቸው።

«መጸለይስ ጠዋት ጸልየናል» አሉኝ። «ይሄ መቁጠሪያ ነው።»

ከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላከ። የሥራ ደህንነት ሥርዓት ዘርግቶ ለሚያስመሰክር ፋብሪካ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ምስክር ወረቀቱን ያገኘ ሁለተኛ ፈረቃ ይከፈትለታል፤ ወቅታዊ ሠራተኞቹም ቋሚ ይሆናሉ። ይህ ቀልድ አልነበረም። ስልሳ ያህል ወቅታዊ ሠራተኞች ነበሩን፤ ጥጥ ሲለቀም ይጠራሉ፣ ጥጡ ሲያልቅ ይሰናበታሉ፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ወቅት ድረስ ፈጣሪ ያውቃል።

አቶ ወርቁ ቢሮው ጠርቶ ወፍራም ማኑዋል አስታቀፈኝ። «ቁስል የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የደህንነት ኃላፊ ሆነሻል» አለኝ። ሙያ የቀየርኩት እንዲህ ነው፤ ምረቃም የለ፣ ምንም የለ።

እውነቱን ልናገር፣ ሥራውን ወደድኩት። ማኑዋሉን እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስቀባሁ፣ የአሸዋ ባልዲ አሰቀልኩ፣ ለአቧራው የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ አሰፋሁ። ጨርቁን ሴቶቹ ወስደው ቦርዴ የሚሉት መጠጥ ማጥለያ አደረጉት፤ ተቆጣሁ፣ እንደገና አሰፋሁ። በመጨረሻም በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቆምኩና በትልቁ ጻፍኩበት፦ «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት»። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በጠመኔ የምለውጠው እኔ ነበርኩ። ሃምሳ ሲሞላ እልልታው ግቢውን አናወጠው። ሰሌዳው የእኔ ሐሳብ ነው። ማንም አላዘዘኝም።

ሦስት ቁጥር ላይ ጥጥ የምታጎርስ ታደለች የምትባል ሴት ነበረች፤ የጫኖ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት። የአቶ ወርቁን አረማመድ ስታስመስል ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አምስት ወቅት ተጠርታ አምስት ጊዜ የተሰናበተች ናት። ጠዋት ስትገባ ሰሌዳው ፊት ቆማ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ «በርቺ ሲስተር፣ ልትቀጥሪን ነው!» ትለኛለች። እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

በዚያው ሰሞን ሦስት ቁጥር ሲጢጥ ሲጢጥ ይል ጀመር። የመጋዞቹ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቆ ነበር። አዲስ ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ደብዳቤ ተጻፈ! በመጨረሻ መጣና ጋሽ ኦይቻ አንድ ቀን ሙሉ ተኝተውበት ገጠሙት። ማሽኑ ቅቤ እንደጠጣ ለሰለሰ። አጨበጨብንላቸው፤ እሳቸውም አፍረው እጃቸውን ሲጠርጉ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ክሊኒኬ ጭር አለ። ወባው ይመጣል፤ እጅ ግን የለም። ሞኝ ነኝ እኔ! አንድ ሰው እንኳ ጣቱን የማይልጥበት መዳመጫ የት አገር አለ? ድሬሰር ሆኜ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሥርዓታችን ሠራ ብዬ ለአቶ ወርቁ ሪፖርት ጻፍኩ።

ሰሌዳው ወደ መቶ ሲጠጋ ታደለች አንድ ጠዋት ክሊኒክ መጣች። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር፤ ገና ቁጥር ለውጬ መመለሴ ነው።

«ሲስተር፣ ራሴን አመመኝ።»

ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች። ኪኒኑን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ነጠላው ሸሸ። ሌባ ጣቷ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ የጨርቁ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ። አየሁት። ብጠይቃት መመዝገብ አለብኝ፤ ከመዘገብኩ ሰሌዳው ዜሮ ይገባል፣ ኢንስፔክተሩ ደግሞ ሊመጣ ነው። ሁለት ኪኒን ሰጠኋት። አልሄደችም፤ ትንሽ ቆመች።

«ሌላ ነገር አለ እንዴ?» አልኳት፣ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ።

«ምንም አይደለም» ብላ ወጣች።

ሳምንት አልሞላም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ሦስት ቁጥር ታነቀ። ጋሽ ኦይቻ አጠፉት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ሠራተኞቹ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ጸለዩ። አሜን። ታደለች ክዳኑን ከፍታ እጇን ሰደደች።

ይዘዋት ሲመጡ በጋቢ ጠቅልለዋት ነበር። የቀኝ እጇ አራቱም ጣቶች የሉም፤ አውራ ጣቷ ብቻ ቀርታለች። እኔ ሥራዬን ሠራሁ፤ እጄ ማሰር ስለሚያውቅ አሰረ። ጋሽ ኦይቻ በር ላይ ቆመው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ቆልፌ ነበር፣ ቆልፌ ነበር» ይላሉ። በፋብሪካው ላንድሮቨር ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ስንበር ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ጫኖን ስናልፍ ዓይኗን ገለጠች።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «ሰሌዳውን እንዳታጠፊው። ቤቷ ነው በይ። ሙዝ ስትቆርጥ ነው በይ።»

ጣቶቿን ያጣች ሴት ለእኔ ሰሌዳ ትጨነቃለች! ያኔ የተሰማኝን ሐፍረት እስከ ዛሬ ከላዬ አላወረድኩትም። አለቀስኩ፣ እንባዬ ፊቷ ላይ እየወደቀ አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ በግራ እጇ ታባብለኛለች።

አቶ ወርቁ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ግቢ ደረሰ። ክራቫቱን ፈትቶታል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን መጻፍ አለብኝ።

«ሴትዮዋ ራሷ ቤቴ ነው በሉ ብላለች አሉ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሺ፣ ስልሳ ሰው አስቢ። የስልሳ ሰው ቤት ነው። የእሷንም ቋሚነት ጨምረሽ አስቢ። ኢንስፔክተሩ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ልጨምርበት እጄ እምቢ አለኝ፤ ላጠፋውም እምቢ አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ኦይቻ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ጠመኔ አስቀምጥ» አሉኝ። «ና፣ ዛፍ ሥር እንሂድ።»

ግቢው ውስጥ ትልቅ ሾላ ነበር። የፋብሪካውን መብራት በሙሉ አጥፍተው ሰውን ሁሉ እዚያ ሰብስበዋል። የጋሞ ደጋ ሰው መከራ ሲመጣበት፣ በሽታ ሲጸናበት ወይም ዝናብ ሲቀርበት፣ ዱቡሻ በሚሉት የመሰብሰቢያ ሜዳቸው ላይ ይቀመጣል። አንድ የተደበቀ ነገር አለ ይላሉ፤ ጎሜ ይሉታል። የደበቀው ሰው በሰው ፊት እስኪናገረው ድረስ መከራው አይነሳም። የተናገረም አይቀጣም። ጋሽ ኦይቻ ሾላውን ዱቡሻ አደረጉት። ገና ሳይቀመጡ ወደ አቶ ወርቁ ዞሩ።

«የሚነገረው ይጻፋል። የተናገረ ሰው ግን አይባረርም። ቃልሽን ስጪን።»

አቶ ወርቁ ላቡን ጠረገ። «ማንም አይባረርም» አለ።

መጀመሪያ ምስክርነት የሰጡት ራሳቸው ጋሽ ኦይቻ ናቸው። የግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው የመሃል ጣታቸውን ጫፍ አሳዩን። ጥፍር የለውም፤ ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

«ሦስት ቁጥር ነክሶኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ቆልፌ፣ ጸልዬ፣ አሜን ብዬ ነው የከፈትኩ። አፈርኩ። ዋና መካኒክ ማሽን ነከሰው ቢባል ማን ያምናል? በዚያ ላይ ሲስተር ስትደሰት አያለሁ፣ እነዚህ ሰዎች ቋሚ ሊሆኑ ነው። በጨርቅ አሰርኩና ዝም አልኩ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሳች። «እኔንም ነክሶኛል፤ ጸሎቱን ቸኩዬ መስሎኝ» አለች። ሌላዋ ከጎረቤቷ ጋር ተጣልታ ስለነበር ጸሎቷ ያልተሰማላት መስሏት ነበር። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ከጸሎቱ መሃል አንድ ቃል የዘለለ መስሎት እንደነበረ ተናገረ። ከታደለች ሌላ አምስት ሰው! ሁሉም ሦስት ቁጥር ላይ፣ ሁሉም በዚያው አንድ ወር ውስጥ። ሁሉም ጥፋቱን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ስልሳውን ሰውና የእኔን ሰሌዳ በይሉኝታ ተሸክሞ፣ «ምንም አይደለም» ብሎ አስሮታል።

ጋሽ ኦይቻ የሰሙትን አንድ በአንድ ሲያገጣጥሙ ፊታቸው ላይ አየሁት። «ኩሽኔታው» አሉ። ተነስተው ወደ ሦስት ቁጥር ሄዱ፤ ሁላችንም ተከተልናቸው። አስነስተው አጠፉት። «አሁን ጮክ ብላችሁ ጸልዩ» አሉ። ጸለይን። አሜን ስንል ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባዘቶ አስረው ክዳኑን ከፈት አድርገው ሰደዱት፤ መጋዙ ባዘቶውን ላፍ አደረገው። ደግመን ጸለይን፤ አሁንም ላፍ። ሦስተኛው ላይ፣ «የዕለት እንጀራችንን» ስንል ባዘቶው ሳይነካ ተመለሰ። አሮጌው ኩሽኔታ ሻካራ ስለነበር መጋዙን ቶሎ ያቆመው ነበር፤ አዲሱ ለስላሳ ሆኖ እንደ ልቡ ያስኬደዋል። ኩሽኔታው ተቀይሮ ጸሎቱ ግን ያው ቀርቶ ነበር።

ጋሽ ኦይቻ ግንባራቸውን ክዳኑ ላይ አስደግፈው «እኔ ነኝ» አሉ። «ባሳመርኩት ማሽን እጅ ቆረጥኩ።»

ሄጄ ሰሌዳውን አጠፋሁ፤ ዜሮ ጻፍኩ። ሁሉም የደበቀውን ተናገረ። እኔ ግን ስለዚያ በጨርቅ ስለተጠመጠመው ጣት አንድም ቃል አልተነፈስኩም። የሰውን ሁሉ መዘገብኩ፣ የራሴን አስቀረሁ።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። ማኑዋሉን አየ፣ ቢጫ መስመሩን አየ፣ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዝገቡን ዘረጋሁለት። አቶ ወርቁ ጣሪያውን ያያል።

«ይሄ ሁሉ አደጋ በአንድ ሳምንት ደረሰ?» አለኝ።

«አይ ጌታዬ፣ በአንድ ሳምንት ተነገረ።»

መነጽሩን አውልቆ መዝገቡን ዘጋው። ምስክር ወረቀቱ ተከለከልን። ወቅቱ ሲያልቅ ስልሳዎቹ ሠራተኞች እንደ ልማዳቸው ተሰናበቱ። ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሰላምታ የነሱኝ ነበሩ፤ አንዷ «በእስክሪብቶሽ ልጆቼን አስራብሽ» ብላኛለች።

በሚቀጥለው ወቅት ሰሌዳው ተነስቶ የፍሬ መጋዘኑ በር ሆነ። በፋንታው ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሾላው ሥር ክብ ሠርተን ቆመን እንጠያየቅ ነበር፤ ትናንት ምን ነካህ? ምን ሊነካህ ነበር? እንጨትና ባዘቶ በየማሽኑ ጎን ተሰቀለ፤ ባዘቶው ሳይነካ ካልተመለሰ ክዳን አይከፈትም። ጠያቂ ማን ይሁን ሲባል ጋሽ ኦይቻ ታደለችን ከቤቷ አስመጧት። «እሷን ማን ይዋሻታል?» አሉ። እውነትም ማን ይዋሻታል! አውራ ጣት ብቻ የቀረችበትን እጅ ወገቧ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ስትቆም የተደበቀ ሁሉ ይወጣል፤ የተላጠ፣ የተሰነጠረ፣ የተንሸራተተ። «ምንም አይደለም» የሚል ሰው ካለ «እስቲ ምንምህን አሳየኝ» ትለዋለች። መዝገቤ ሞላ፣ ሌላ ደብተር ገዛሁ።

ያው ኢንስፔክተር ተመልሶ መጣ። ክቡ መሃል ገብቶ ቆመ፤ ታደለች እሱንም ሳትፈራ ጠየቀችው፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይር ጉልበቱን እንደላጠው ተናዘዘ። ደብተሬን ገጽ በገጽ አገላበጠና «አሁን ነው ሥርዓት ያላችሁ» አለኝ። ምስክር ወረቀቱ መጣ። ሁለተኛው ፈረቃ ተከፈተ፤ የተመለሱት ወቅታዊ ሠራተኞች ቋሚ ሆኑ፣ ታደለችም ጭምር። አቶ ወርቁ ወረቀቱን አስፍሞ ቢሮው ሰቀለው፤ በዚያ ቀን ጋሽ ኦይቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳሳቱ «አንተ» ብለው አመሰገኑት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሩጫ ነው። ጋሽ ኦይቻ ወደ ደጋቸው ሲመለሱ ጓጉንቸሩን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንደ እሳቸው ያለ አለቃ አላየሁም። እኔ ሶዶ ሄድኩ፣ ጂንካ ሄድኩ፣ ተመልሼ ሴቻ ገባሁ፤ ዱቄት ፋብሪካው፣ የድንጋይ ካባው፣ የሆቴሉ ግንባታ፣ ስንቱን ግቢ ዞርኩ። አለቆች ተፈራረቁ፤ ደህናም ነበሩ፣ የማይረቡም ነበሩ። በየሄድኩበት ሰውን «ተናገሩ፣ አትደብቁ» እያልኩ አስተማርኩ፤ ያን ባልኩ ቁጥር ያ ጨርቅ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ጫኖ ሄድኩ። ታደለች ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሙዝና ማንጎዋን እያለማች ነው የምትኖረው፤ ልጆቿ አድገው ተበትነዋል። «ሳሮ፣ ሲስተር!» ብላ በጋሞኛ ሰላምታ ተቀብላ አቅፋ ሳመችኝ። ሁለታችንም አርጅተናል። የሙዙ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ሙዝ በግራ እጇና በዚያች አውራ ጣቷ እየላጠች አቀበለችኝ። ወሬው ሁሉ አለቀ። ጓጉንቸሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ መሃላችን አስቀመጥኩት።

«ታደለች፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አልኳት። «ከአደጋው በፊት ራሴን አመመኝ ብለሽ የመጣሽ ቀን… ጣትሽን አይቼው ነበር። ደሙንም አይቼ ነበር። ለሰሌዳው ብዬ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።»

ሙዙን መላጥ አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ስታዪው አይቼሻለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ራሴን ያመመኝ መስሎሽ ኖሯል? ምንም አላመመኝም። ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። ከደጅ ሆኜ ጠመኔሽን አየሁና አፌ ተያዘ። ብትጠይቂኝ ግን እነግርሽ ነበር። እንድትጠይቂኝ ብዬ ነው እጄን የዘረጋሁት፤ ኪኒን በግራም ይቀበላሉ እኮ።»

አለቀስኩ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺስ?»

የላጠችውን ሙዝ እጄ ላይ አስቀምጣ፣ እጄን ሳትለቅ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። አውራ ጣቴ ላይ ፋሻ ነበር።

«ይሄስ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አይ…» ብዬ ጀመርኩ።

ያችን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ ሾላው ሥር እንደምትቆመው፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የሸለሙኝን ሰዓት ስሰቅል በመዶሻ መታሁት» አልኩ።

«ከመጀመሪያው።»

«ወንበር ላይ ቆሜ ነበር። ወንበሩ ይነቃነቃል። እንደሚነቃነቅም አውቅ ነበር።»